የካልሲ ልጆች

እትዬ በረኪና እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ዛሬ ግን ያን ስም የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሰፈርተኛው ፊት ለፊታቸው «እትዬ» ብሎ ያቆምና ዞር ሲሉ በረኪናዋን ይቀጥልባታል። እሳቸውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። «ከቆሻሻ ስም የበረኪና ስም ይሻላል» ብለው ስቀው ያልፋሉ። እሳቸውን የሚያናድዳቸው ሰው ነጭ ሸሚዙን ግራጫ እስኪሆን ድረስ ሲለብሰው ነው።

ጓዳዋ መኖሪያቸው የሆነች ልብስ ማጠቢያ ቤታቸው ጠባብ ናት፤ ሥርዓቷ ግን የቤተ መንግሥት ነው። ከበሩ ሲገቡ በስተግራ ያልታጠበው ልብስ ይከመራል፤ በስተቀኝ የታጠበው ተተኩሶ ይደረደራል። መሀል ላይ ሁለት ማሽኖች አሉ፤ አንዷ ድምፅዋን አጥፍታ ትሠራለች፣ ሌላዋ ልብስ ስትጨምቅ ቤቱን ከነሰዉ ታንቀጠቅጠዋለች። ከግራ የመጣ እጅ እስከ ክርኑ ሳይታጠብ ወደ ቀኝ አይሻገርም። ይህ ሕግ ደንበኛ አይል፣ ሠራተኛ አይል፣ ሥጋ ዘመድ አይል። ካውያው ላይ የሚቆመው ሰውዬ፣ ሲናደድም ሲደክመውም እንደ ካውያው «እስስስ» ስለሚል እንፋሎት የሚባለው፣ «እኔ በቀን የምታጠበው ውሃ አንድ መንደር ያጠጣል» እያለ ያማርራል። ያማርራል እንጂ ይታጠባል።

ካልሲ ደግሞ የቤቱ ውሻ ናት። መላ አካሏ ቡኒ ሆኖ አራት እግሯ ብቻ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነጭ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላት። ያመጣቻት የእትዬ ልጅ ናት፤ ከማግባቷ በፊት፣ አንድ ዝናባማ ቀን፣ ከቦይ አንስታ ጃኬቷ ውስጥ ሸጉጣ። እትዬ «ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ» ብለው ፎከሩ፤ ከዚያ ቡችላዋን በሳሙና አጠቧትና ነገሩ በዚያው አለቀ። ደንበኛ አንድ እግር ካልሲ በጠፋበት ቁጥር የምትከሰሰው ይህቺው ውሻ ናት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው፤ የጠፋውን ካልሲ የምትውጠው ያቺ የምታንቀጠቅጠው ማሽን እንደሆነች የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን ማሽን ጆሮዋን ጥላ፣ ጅራቷን ቆልታ ይቅርታ መጠየቅ አትችልበትም፤ ውሻዋ ትችልበታለች።

እትዬ የሚወዱትን ያጥባሉ። ፍቅራቸውን የሚገልጡበት ሌላ መንገድ አልተማሩም። ባላቸው የሞቱ ሰሞን፣ ለቅሶ ደራሹ ገና ሳይበተን፣ የሟቹን ልብስ ከኮቱ እስከ መሀረቡ አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጣጥፈው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደረደሩት። ከሰነባበተ በኋላ አንድ ቀን ናፍቆት አንቀልቅሎ አስነሳቸውና አንዱን ሸሚዝ አውጥተው አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። የተቀበላቸው የሳሙና ሽታ ነበር። ሌላውን አነሱ፣ ያው ነው። ቁም ሳጥኑን እስከ ታች ፈትሸው ሁሉንም አሸተቱ። ሰውዬው የሉም። የዚያን ቀን ያለቀሱትን ያህል በቀብሩ ዕለት እንኳ አላለቀሱም፤ ለማንም ግን አልተናገሩም፣ ሆድ ይፍጀው ብለው ልብሱን መልሰው አጣጠፉት።

ልጃቸው ስትወልድ ልትታረስ እናቷ ቤት መጣች። እትዬ መሬት አልበቃቸው አለ፤ ደስታቸውም በዛ፣ አጠባቸውም በዛ። ሕፃኑ ንቅንቅ ካለ ያነሱታል፣ ያጥቡታል፣ ይቀይሩታል፣ ከዚያ የቀየሩለትን ያጥባሉ። ልጅቱ ልታቅፈው ስትዘረጋ «እጅሽን ታጥበሻል?» ይሏታል። ጠብቶ ሳይጨርስ ከእቅፏ ይወስዱታል። አንድ ቀን «እማዬ፣ ልጄን ስጪኝ» አለች።

«ቆይ፣ አንገቱን ልጥረገው።»

«ስጪኝ አልኩሽ!»

«አንቺ ደግሞ! ትናንት ወልደሽ ዛሬ እናትነት ልታስተምሪኝ ነው?»

ይህቺ ቃል አንዴ ወጣች፤ የወጣ ቃል ደግሞ እንደ ፈሰሰ ውሃ ነው፣ አይታፈስም። እትዬ አራስ ነብር የሚባለውን ከአነጋገር በቀር አያውቁትም ነበር፤ የዚያን ቀን ቁጭ ብለው አዩት። ልጅቱ ሕፃኑን ከእጃቸው ወስዳ፣ ባገኘችው ነገር ጠቅልላ ወደ ባሏ ቤት ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወደ ስልኳ ሲደውሉ የሚያነሳው አማቻቸው ነው። «ደህና ናቸው እትዬ፣ ተኝተዋል» ይላል። ጠዋት ተኝተዋል፣ ቀትር ላይ ተኝተዋል፣ ማታም ተኝተዋል።

በዚያ ችኮላ የሕፃኑ ቢጫ ብርድ ልብስ ወንበር ላይ ቀርታ ነበር። እትዬ እንደ ልማዳቸው አነሷትና ወደ ግራው ክምር ይዘዋት ሄዱ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አሉ። ወተት ወተት ትላለች፣ የሕፃን አንገት አንገት ትላለች። ተመልሰው ጓዳ ገቡና ትራሳቸው ሥር ከተቷት። ያልታጠበ ጨርቅ በእሳቸው ቤት እንዲህ ያለ ክብር አግኝቶ አያውቅም። ሲተኙ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፍንጫቸውን ቀብረው፣ ወደ ውስጥ ስብ ያደርጓታል፤ ከዚያ ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው።

ካልሲ ያረገዘችው በዚሁ ሰሞን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሆዷን እያየ ሲጠቋቆም እትዬ ብቻ «ወፍራለች፤ ይሄ እንፋሎት ምሳውን እያካፈለ አበላሻት» ይሉ ነበር። የመውለድ ነገር በዚያን ጊዜ እንዲነሳባቸው አልፈለጉም መሰለኝ።

አንድ ጠዋት ታዲያ በሩን ሲከፍቱ ካልሲ ልትቀበላቸው አልመጣችም። ከግራው ክምር በኩል ሲጥ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። እንፋሎት ሊያይ ቀደማቸውና ወዲያው ጥርሷን ስታሳየው በመጣበት ፍጥነት ተመለሰ። «እትዬ፣ ጉድ ፈልቷል!» አለ።

ጉዱ የፈላው ጋራዥ የሚሠራው መካኒክ ባመጣው ቱታ ላይ ነው፤ ግራሶ የጠጣ፣ ብቻውን የሚቆም ቱታ። ከቤቱ ጨርቅ ሁሉ እሱን መርጣ ተኝታበታለች። ሦስት ቡችላ ልሳ ጨርሳ አራተኛውን እየላሰች ነው። የተወለደበትን ስስ ልባስ በጥርሷ ቀድዳ፣ እትብቱን ቆርጣ፣ ፊቱን ከላሰችው በኋላ ገልብጣ ሆዱን ትልሰዋለች፣ እሱም በላሰችው ቁጥር ሲጥ ይላል። ማን አሳያት? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና አንዱ ቡኒ ነው፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዷ ነጭ ሆና ቀለም የተረጨባት ትመስላለች፤ አራተኛው፣ ከሁሉም የሚያንሰው፣ እንደ እናቱ ቡኒ ሆኖ አንዱ እግሩ ብቻ ነጭ ነው።

«አንድ እግር ካልሲ!» አለ እንፋሎት በሩቁ። «የጠፋው ተገኘ በሉ!»

እትዬ አልሳቁም። ተንበርክከው እጃቸውን ቀስ ብለው ሲዘረጉ ካልሲ አላጉረመረመችባቸውም፤ ምላሷን ከቡችላው አንስታ ጣቶቻቸውን ላሰችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሳቸውን አምናለች። የእትዬ ዓይን ውሃ ሞላ። የሌላ ሰው ዓይን ውሃ ሲሞላ ይፈስሳል፤ የእሳቸው ሲሞላ ግን ወደ ማጠብ ነው የሚሄዱት።

«አራስ ግራሶ ላይ አትተኛም» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ካልሲ ሽንቷ ወጥሯት ለአፍታ ወደ ጓሮ ስትወጣ «በሩን መልስ!» አሉት እንፋሎትን።

«እትዬ፣ ለዛሬ ቢቆይስ? አሁን እኮ ነው ልሳ የጨረሰቻቸው።»

«ምላስ ሳሙና ነው እንዴ?»

እንፋሎት «እስስስ» ብሎ በሩን መለሰ። እትዬ ሽርጣቸውን እንደ ከረጢት ያዙና አራቱንም፣ እርጥብና ሙቅ እንደሆኑ፣ እዚያው ውስጥ ሰብስበው ወደ ገንዳው ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲያ እጃቸው ራሱ ያውቀዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ለሱፍ ልብስ የሚሆነው ለስላሳ ሳሙና፣ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻው ውሃ ላይ ከማለስለሻው ጠብ ማድረግ። በፎጣ አደረቋቸው። አዲስ ቅርጫት አውጥተው፣ የተተኮሰ ነጭ አንሶላ አነጠፉና በቀኝ በኩል፣ በንጹሑ በኩል፣ አስተኟቸው። ቱታውንና በዙሪያው የነበረውን ሁሉ ማሽን ውስጥ ከተው ሙቁን ውሃ ለቀቁ፤ ወለሉን በበረኪና ፈተጉት። ሁሉም ሲያልቅ ወገባቸውን ይዘው ቆሙና አዩት። አበባ ይሸታሉ። እንዲህ ያማሩ ቡችላዎች በዓለም ላይ የሉም ብለው አሰቡ፤ ደስ ብሏቸው «ክፈትላት» አሉ።

ካልሲ እየሮጠች ገባችና በቀጥታ ወደ ግራው ጥግ ሄደች። ወለሉን አሸተተች፤ በረኪናው አስነጠሳት። ዞረች፣ በእግሯ ሲሚንቶውን ጫረች። ሲጥ ሲጥ የሚለውን ስትሰማ ወደ ቅርጫቱ ሮጠች፣ አፍንጫዋን አስገባች፣ ከዚያ እንደተቃጠለ ሰው አወጣችው። እንደገና ድምፁ ይጠራታል፣ ትጠጋለች፤ ሽታው ይገፋታል፣ ትሸሻለች። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባላል። የካልሲ ደግሞ ባሰ፤ ልጅ መሆኑንም አላወቀችም። በመጨረሻ ማሽኑ ፊት ሄዳ ተቀመጠች። በክቡ መስታወት ውስጥ የመካኒኩ ቱታ በአረፋ ተከቦ ይዞራል። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ ልጆቿ ከኋላዋ እየጮኹ፣ ልጆቿን እንዲመልስላት ማሽኑን ለመነች።

«ምን ሆነች?» አሉ እትዬ።

አንዱን ቡችላ አንስተው ወደ ጡቷ ሊያስጠጉላት ሞከሩ። ካልሲ ተነሥታ ቆመች፣ ጥርሷን አሳየቻቸው። ከቦይ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ በእሳቸው ላይ አጉረምርማ አታውቅም። ወተት አሙቀው በመድኃኒት ማንጠብጠቢያ ሊያጠጧቸው ሞከሩ፤ በአፋቸው ጎን ይፈስሳል፣ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ መጥረግ ያስፈልጋል፣ ሲጠርጓቸው ይቀዘቅዛሉ። እንፋሎት የፍላኔል ጨርቅ እየተኮሰ፣ በጉንጩ ሙቀቱን እየለካ ያለብሳቸዋል። ያ አንድ እግሩ ነጭ የሆነው ግን ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። እንፋሎት አንስቶ ሸሚዙ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ አስገባውና በአንድ እጁ እየተኮሰ በሌላው ደግፎት ቆመ። ቀኑ እየገፋ ነው፤ ካልሲ ጓሮውን ትቆፍራለች፣ ትመለሳለች፣ ከማሽኑ ፊት ትቀመጣለች።

ወደ ቀትር ገደማ ወደ እትዬ መጣች። ልታጉረመርምባቸው መስሏቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። እሷ ግን አፍንጫዋን ሽርጣቸው ላይ ቀበረች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ወደ ውስጥ በረዥሙ ሳበች።

እትዬ ያን አተነፋፈስ ያውቁታል። የራሳቸው ነው። ትራሳቸው ሥር ካለችው ቢጫ ብርድ ልብስ ላይ ማታ ማታ የሚያደርጉት ነው። ከባላቸው ሸሚዝ ላይ ፈልገው ያጡት ነው። ያን ያጡትን ነገር ዛሬ በገዛ እጃቸው፣ በሱፍ ሳሙና፣ ከዚህች ውሻ ልጆች ላይ አጥበው አወጡት። ስልካቸውን አነሱና ደወሉ።

አማችየው ገና «እትዬ፣ ተኝተ...» ሲል «ቀስቅሳት» አሉት።

«አቤት» አለች ልጅቱ ወዲያው። አልተኛችም ነበር።

«ካልሲ ወለደች።»

«ደህና ናት?»

«እሷ ደህና ናት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ይህቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ከእናቷ አፍ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም። ምን እንደተበላሸ እንኳ አልጠየቀችም። «መጣሁ» ብላ ዘጋችው።

ስትመጣ ሕፃኑን በሰማያዊ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ከእናቷ ጋር አልተሳሳሙም፤ ጊዜም አልነበረም፣ እንዴት እንደሚጀመርም ጠፍቷቸዋል። ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ አለችና ቀና አለች።

«እማዬ... ማለስለሻ?»

«ትንሽ ነው ያደረግሁት» አሉ እትዬ አንገታቸውን ደፍተው።

በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቁ። ልጅቱ ዙሪያዋን ቃኘች። «የወለደችበት ጨርቅ የታለ?»

እንፋሎት በአገጩ ወደ ማሽኑ ጠቆመ። ቱታው ሁለተኛ ዙር ይዞ ሲሽከረከር ቤቱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ሌላስ? ትንሽ ቁራጭ፣ የእሷን ሽታ የያዘ፣ ያልታጠበ ነገር?»

«በዚህ ቤት?» አለ እንፋሎት። «ያልታጠበ ነገር ብሎ ነገር...»

እትዬ ደንገጥ ብለው ወደ ራሳቸው አዩ። ሽርጣቸውን ከቁርስ በኋላ አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ ይቀይራሉ፤ ዛሬ በመደናገጣቸው አልቀየሩትም። ቡችላዎቹን እርጥብ እንደሆኑ ያፈሱበት ያ ሽርጥ፣ መሀሉ ላይ ጠይም ነጠብጣብ ደርቆበት፣ አሁንም ወገባቸው ላይ ነው። ካልሲ ወደ ውስጥ ስትስበው የነበረው የእሱን ሽታ ነው። «ሽርጤ!» አሉ፤ ቋጠሮውን ሊፈቱ ጣታቸው እምቢ ሲላቸው ልጅቱ በአንድ እጇ ፈታችላቸው።

እዚያ ላይ ሁለት እጅ አስፈለጋት። ሕፃኑን ወደ እናቷ ዘረጋችው።

እትዬ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሹ። «እጄን ልታጠብ፣ ውሻ ነክቻለሁ፣ ቆይ...»

«እማዬ፣ ያዢው።»

ያዙት። ባልታጠበ እጃቸው፣ ያለ ሽርጥ፣ ካልሲ ባሻሸችው ቀሚሳቸው ላይ አስጠጉት። ሕፃኑ ነቃ ብሎ አያቸውና የቀሚሳቸውን ቁልፍ ጨበጠ። እሳቸውም እንዳይወድቅባቸው ሳይሆን እንዳይወስዱባቸው የፈሩ ይመስል፣ ቆሙ።

ልጅቱ ቡችላዎቹን አንድ በአንድ በሽርጡ አሻሸቻቸው፤ ራሳቸውን፣ ጀርባቸውን፣ ሆዳቸውን። ከዚያ ሽርጡን በግራው ጥግ፣ መጀመሪያ በተወለዱበት ቦታ ላይ አነጠፈችና ሲሚንቶው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ካልሲዬ» ብላ ጠራች። ውሻዋ ከማሽኑ ፊት ተነሥታ መጣች፤ እያለቀሰች፣ ራሷን በልጅቱ ብብት ውስጥ እየቀበረች። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት። እኔም አራስ ነኝ፣ አውቃለሁ» አለቻት። እያባበለች አስተኛቻት። በሁለት ጣቷ ከውሻዋ ጡት ወተት ጨመቅ አደረገችና በቡችላዎቹ አናት ላይ ቀባችላቸው። ካልሲ አላጉረመረመችባትም።

የመጀመሪያውን፣ ጥቁሩን፣ አፍንጫዋ ሥር አደረገችላት። ካልሲ አሸተተች። ራሷን መለሰች። ማሽኗ በዚያው ቅጽበት መጭመቋን ጨርሳ ዝም አለች። ካልሲ ሽርጡን አሸተተች፣ ቡችላውን አሸተተች፣ እንደገና ሽርጡን፣ እንደገና ቡችላውን። ከዚያ ምላሷ ወጣ።

ላሰችው። አንዴ ሞከር አደረገችው፣ ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። ጥቁሩን ልሳ ሳትጨርስ ነጯን በመዳፏ ሳበች፣ ቡኒውን በአፍንጫዋ ገፋችው፤ የጠፋ ዕቃዋን እንዳገኘች ሴት እየተንሰፈሰፈች ሦስቱን አመሰቃቀለቻቸው። እነሱም እየተደነቃቀፉ ጡቷን አገኙት።

«ይሄስ?» አለ እንፋሎት። አንድ እግር ካልሲን ከሸሚዙ አወጣው። አይጮኽም። ልጅቱ ተቀብላ በሽርጡ አሸችው፣ ወተት ቀባችው፣ እናቱ ፊት አስቀመጠችው። ካልሲ ሦስቱን ትታ በእሱ ላይ ወረደችበት። ገለበጠችው፣ ሆዱን ላሰችው፣ አንከባለለችው፤ ሩኅሩኅ አልነበረችም፣ ምላሷ እንደ ብሩሽ ይፈትገው ጀመር። እትዬ አፈሩ፤ ሲያጥቡት የኖሩትን ሁሉ እንዲህ አጥበው አያውቁም። በመጨረሻ፣ ሁሉም ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ ያ አንድ ነጭ እግር ተንቀጠቀጠና ሲጥ የሚል ድምፅ ወጣ። እንፋሎት ወደ ካውያው ዞረ፣ የተተኮሰ ልብስ መልሶ መተኮስ ጀመረ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

እትዬ ሕፃኑን እንደታቀፉ ቀስ ብለው ወለሉ ላይ፣ በግራው በኩል፣ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። በዚያ ቤት ተቀምጠውበት የማያውቁት ቦታ ነው። አራስ ውሻ፣ አራስ ሴት፣ አያት፣ ሁሉም ከቆሻሻው በኩል።

«ልጅሽን ነጠቅሁሽ» አሉ ሳያዩዋት።

«ነጠቅሽኝ አልልም እማዬ። አጠብሽብኝ። አቅፌው አንገቱን ሳሸተው ሳሙና ብቻ ይሸተኛል። የማን ልጅ እንደሆነ ግራ ገባኝ። እኔ የወለድኩት ልጅ ሳሙና ሳሙና ሲሸት... አላወቅሁትም። ፈራሁ።»

እትዬ ሕፃኑን መለሱላት፤ ተነሥተው ጓዳ ገቡና ቢጫዋን ብርድ ልብስ ይዘው ወጡ። እንደተያዘ ሌባ ልጃቸው ፊት ዘረጓት።

«ይቺን ረስተሻት ነበር።»

ልጅቱ ተቀበለቻት። በዚህ ቤት ያደገች ናትና ጨርቅ ስትይዝ መጀመሪያ የምታደርገው ማሽተት ነው። አፍንጫዋ ላይ አደረገቻትና እናቷን አየች። «አልታጠበችም?»

«አላጠብኳትም።»

እንፋሎት ካውያውን አቆመ።

«እንደ አባዬ ሸሚዝ እንዳይሆን ነው?» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

እትዬ ደነገጡ። «አይተሽኝ ነበር?»

«በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ገብቼ ላቅፍሽ ፈለግሁ። ከዚያ እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ስመለስ ሁሉንም አጣጥፈሽ ጨርሰሽ ነበር።»

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ያም አላዋጣም፣ ለቅሶው ገንፍሎ ወጣ። ልጃቸው በሕፃኑና በቡችላዎቹ መሀል እንደምንም ተንጠራርታ አንገታቸውን አቀፈቻቸው፣ በውሻ ምራቅ፣ በወተት፣ በግራሶ በጨቀየ እጇ። ማናቸውም ስለ መታጠብ አላነሱም። ካልሲ አንዴ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ክፉ ነገር እንደሌለ አረጋግጣ መላሷን ቀጠለች።

ልጅቱ ልትሄድ ስትነሳ ቢጫዋን ብርድ ልብስ እንደገና አሸተተቻት፤ በእንባዋ መሀል ሳቀች። «እማዬ፣ ይቺ እኮ አልቃለች። ስበሽ ስበሽ ጨርሰሻታል።» ሕፃኑን ከሰማያዊው ብርድ ልብስ ፈታችውና በቢጫዋ ጠቀለለችው። ሰማያዊውን፣ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው፣ በእናቷ እጅ አደረገች። «ይሄኛውንም እንዳታጥቢው። ሽታው ሲያልቅ ደውይልኝ፣ መጥቼ እቀይርልሻለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት እትዬ በሩን ከፈቱ፤ ካልሲንና ልጆቿን ሳይነኳቸው በሩቁ አይተው፣ ያልታጠበውን ሽርጥ ከሥራቸው ሳያወጡ፣ ስልካቸውን አነሱ። ያነሳችው ራሷ ልጅቱ ናት።

«እማዬ፣ ምነው በጠዋቱ? ደህና ናቸው?»

«እነሱስ ደህና ናቸው» አሉ እትዬ። «ብርድ ልብሱ ነው። አለቀ።»